ሆዱ የተሰነጠቀው ደበርጃን፦ የጓዳ ሙያ እንደ ታሪክ ምንጭ

(በታሪክ ትምህርት ክፍል የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ። ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ ሲመለስ መጠነኛ የቋንቋ ማስተካከያ ተደርጎበታል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



የንግግሬን ርእስ ለአዘጋጆቹ በላክሁ ማግሥት ሰብሳቢያችን ደውለው «ርእሱ ላይ የፊደል ግድፈት ያለ ይመስለኛል» አሉኝ። «የለም፤ ደበርጃን ማለቴ ነው፤ ያ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው አትክልት» አልኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው «መልካም፤ እንግዲህ እርስዎ ያውቃሉ» አሉ። ይህ የሰብሳቢያችን ዝምታ ራሱ የዛሬው ንግግሬ አካል ነው። ስለ ጦርነት፣ ስለ ዙፋን፣ ስለ ድንበር ውል ለመናገር ብነሣ ኖሮ ማንም ግድፈት አይጠረጥርም ነበር። ምግብ ግን፣ ያውም በቤት ውስጥ ሴቶች የሚሠሩት ምግብ፣ ከታሪክ ደጃፍ ውጭ የቆመ ይመስለናል።

ባለፈው ቅዳሜ ለዚህ ንግግር ስዘጋጅ አትክልት ተራ ሄጄ ሦስት ኪሎ ደበርጃን ገዛሁ። ሻጯ ልጅ እግር ናት። እየመዘነችልኝ «ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ የሚገዙት ለፈረንጅ ነው?» አለችኝ። «ለራሴ ነው፤ ሆዱን ሰንጥቄ ሙሌት ልጨምርበት ነው» ብላት «እንደ ስንግ ቃሪያ በሉኛ!» አለች። አባባሏን እስከ ንግግሬ መጨረሻ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

የዛሬው ጥያቄዬ ይህ ነው፦ የታሪክ ተመራማሪ በተራ ሰው ቤት ምን ይበሰል እንደነበረ በምን ያውቃል? ቤተ መንግሥት ጸሐፊ አለው፤ ገዳም መዝገብ አለው፤ ጓዳ ግን ብዕር አልነበረውም። ለዚህ ጥያቄ ማሳያ አድርጌ የመረጥሁት የታጨቀ ደበርጃንን ነው። ምክንያቱም ይህ ምግብ ከሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ እስከ አትላንቲክ ድረስ በብዙ ቤቶች ይሠራል፤ ብዙ ሕዝቦችም «የእኛ ነው» ይሉታል፤ በአንድ ወቅትም ሰው በዚህ ምግብ ምክንያት በፍርድ ወንበር ፊት ቆሟል።

፩. ከአጥር ሥር እምቧይ እስከ ገበታ

በመጀመሪያ ስለ ተክሉ ጥቂት ልበል። ደበርጃን በእስያ ለማዳ የሆነ ተክል ነው። የሕንድ ክፍለ አህጉርና በዙሪያው ያሉ የደቡብ ምሥራቅ እስያ አገሮች እንዲሁም ቻይና ጥንታዊ መገኛዎቹ ተደርገው ይጠቀሳሉ። ሆኖም የዱር ዘመዶቹ በብዛት የሚገኙት በአፍሪካ ነው። እኛ እምቧይ የምንለው፣ በየአጥሩና በየመንገዱ ዳር የሚበቅለው፣ እሾሃማና ቢጫ ፍሬ ያለው ተክል የደበርጃን የቅርብ ዘመድ ነው። ልጆች ሆነን ፍሬውን እንደ ኳስ ተወራውረንበታል። ጸንቶ የማይቆምን ነገርም «የእምቧይ ካብ» እንላለን። ስለዚህ «የፈረንጅ ነው» የምንለው አትክልት የሥጋ ዘመዱ በደጃችን ይበቅላል ማለት ነው። ልዩነቱ እኛ ለምሳሌያዊ አነጋገራችን ስንወስደው እስያውያን ለድስታቸው አለማመዱት።

ስሙም የራሱ ጉዞ አለው። ከሳንስክሪት ወደ ፋርስኛ ሲሻገር ባዲንጋን ሆነ፤ ከፋርስኛ ወደ ዐረብኛ ገብቶ ባዚንጃን ተባለ። ከዐረብኛው ቱርኮች ፓትልጃን፣ ስፔኖች ቤሬንሄና አሉት። ካታላኖች የዐረብኛውን መስተአምር ጭምር ወስደው አልበርዥኒያ ሲሉት፣ ፈረንሳዮች ከእነሱ ተቀብለው ኦበርዢን አደረጉት። ጣሊያኖች ሜላንዛና የሚለውን ስም «እብድ ፍሬ» ብለው ፈቱት፤ ይህ ፍቺ ከቋንቋ ታሪክ ይልቅ ስለ ፍርሃት ይነግረናል። የእኛም ደበርጃን ከዐረብኛው የመጣ መሆኑን ድምፁ ይመሰክራል። ነጋዴ፣ ገበሬና ምግብ አብሳይ በየአገሩ ያወረሱት ስም እንደ ሳንቲም ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ መልኩ ቢደበዝዝም ምንጩ አልጠፋም።

፪. ከባግዳድ እስከ አንዳሉስ

በመካከለኛው ዘመን ሐኪሞች ዘንድ ደበርጃን መልካም ስም አልነበረውም። በግሪክ ሕክምና ትምህርት መሠረት ጥቁር ሐሞት ያመነጫል፣ ሐዘንና የቆዳ በሽታ ያመጣል ተብሎ ይፈራ ነበር። ማብሰያ ቤቱ ግን ለሐኪሙ የሰጠው መልስ ነበረው፤ እርሱም ጨው ነው። በ1226 ሙሐመድ አል-ባግዳዲ ያዘጋጀው የምግብ አሠራር መጽሐፍ ቡራን ስለሚባል ምግብ ሲያስረዳ፣ ደበርጃኑ መጀመሪያ በጨውና በውኃ ለብ ተደርጎ እንዲቀቀል፣ ከዚያም ወጥቶ እንዲደርቅ፣ በመጨረሻም በሰሊጥ ዘይት እንዲጠበስ ያዝዛል። ተልጦና ተመትቶ እርጎና ነጭ ሽንኩርት ይቀላቀልበታል፤ ከደቀቀ ሥጋ የተድቦለቦሉ ትንንሽ ክቦችም ይጨመሩበታል። ምግቡ በ825 ኸሊፋ አል-መእሙንን ባገባችው በቡራን ስም የተጠራ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ደበርጃን፣ የደቀቀ ሥጋ፣ ቅመም፣ ነጭ ሽንኩርት፤ የዛሬው የታጨቀ ደበርጃን ክፍሎች አብዛኞቹ በአንድ ገበታ ተገኝተዋል። ነገር ግን ሥጋው በደበርጃኑ ሆድ ውስጥ አልገባም፤ ጎን ለጎን ቀረቡ እንጂ። ሥጋው ወደ ውስጥ ሲገባ በግልጽ የምናየው በሌላው የእስልምና ዓለም ዳርቻ፣ በአንዳሉስ ነው። ደራሲው ባልታወቀ የ13ኛው ክፍለ ዘመን የአንዳሉስ የምግብ መጽሐፍ ውስጥ የታጨቀ ደበርጃን አሠራር ይገኛል። በዚያው ዘመን ከሙርሲያ ወደ ቱኒስ የተሰደደው ኢብን ረዚን አል-ቱጂቢም በመጽሐፉ ለደበርጃን የተለየ ምዕራፍ መድቦለታል። ይህ ሰው አገሩን ካጣ በኋላ የአገሩን ምግብ በጽሑፍ ያቆየ ስደተኛ መሆኑን አትርሱ። ሰው ምግቡን መጻፍ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ሊያጣው ሲቃረብ ነው።

እነዚህ መጻሕፍት ታላቅ ዋጋ አላቸው። ይሁን እንጂ የጻፏቸው ወንዶች ናቸው፤ የጻፉትም ለባለጸጎች ነው። በመንደር ውስጥ ያለች አንዲት እናት ሥጋ ባጣች ቀን ደበርጃኑን በምን ትሞላው እንደነበር አይነግሩንም።

፫. ወጥ እንደ ወንጀል ማስረጃ

ታዲያ ስለዚያች እናት የሚነግረን ማን ነው? መልሱ ያሳዝናል። በስፔን ታሪክ ስለ ተራ ቤት ጓዳ በዝርዝር የጻፉልን አሳዳጆቿ ናቸው።

የስፔን ኢንኩዊዚሲዮን የተቋቋመው በ1478 ነበር። ዋና ሥራው ከአይሁድነት ወደ ክርስትና የተመለሱ ሰዎች በስውር የቀድሞ ሃይማኖታቸውን ይጠብቁ እንደሆነ መመርመር ነበር። መርማሪ የሰውን ልብ ማየት አይችልም፤ ድስቱን ግን ማየት ይችላል። ስለዚህ ምስክሮች ይጠየቁ የነበረው ስለ ምግብ ነው፦ እመቤቲቱ ዓርብ ማታ ምን ጣደች? ሥጋውን በስብ ነው ወይስ በዘይት የጠበሰችው? ቅዳሜ እሳት ለኮሰች ወይስ ከዋዜማው የተዘጋጀ ምግብ በላች? ከምስክሮቹ ብዙዎቹ የቤት ሠራተኞች ነበሩ፤ ጓዳውን ከእመቤቶቹ እኩል የሚያውቁ ሴቶች። በእነዚህ የምስክርነት ቃሎች ውስጥ ደበርጃን በሽንኩርት፣ በአይብ፣ በእንቁላልና በቅመም እየተሠራ ደጋግሞ ይታያል።

እኔ ይህን ሳስብ ሁልጊዜ እረበሻለሁ። አንዲት ሠራተኛ በፍርሃት ወይም በቂም የተናገረችው ቃል የአንዲትን እመቤት ሕይወት አጠፋ፤ ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ ደግሞ ያው ቃል ለእኔ ለተመራማሪው «ብርቅ መረጃ» ሆነ። ተማሪዎቼ ሆይ፣ አንድ ሰነድ በእጃችሁ ሲገባ ምን እንደሚል ብቻ ሳይሆን እንዲጻፍ ማን ምን እንደከፈለ ጠይቁ።

ደበርጃን የአይሁድና የሙስሊም ምልክት ተደርጎ መታየቱ በሥነ ጽሑፍም ይገኛል። በሰርቫንቴስ ዶን ኪኾቴ ሁለተኛ ክፍል ሳንቾ ፓንሳ የዐረቡን ታሪክ ጸሐፊ የቤኔንኼሊን ስም አዛብቶ «ቤሬንሄና» ይለዋል፤ ሙሮች ደበርጃን ወዳጆች ስለሆኑ ስሙ የሚስማማ መስሎታል። ቀልዱ የሚያስቀው አንባቢው ማኅበራዊ ትርጉሙን ስለሚያውቅ ነው። በሌላ በኩል በ16ኛው ክፍለ ዘመን የሴቪያው ባለቅኔ ባልታሳር ደል አልካሳር ከሚወዳቸው ሦስት ነገሮች መካከል የአሳማ ሥጋንና በአይብ የተሠራ ደበርጃንን በአንድነት ዘርዝሯል። እንግዲህ ደበርጃን የሚበሉት ተጠርጣሪዎቹ ብቻ አልነበሩም። በጥርጣሬ ዐይን በታየው ገበታ ላይ ወንጀል ነው፤ በባለቅኔው ገበታ ላይ ግን ደስታ ነው። ወንጀሉ የነበረው በምግቡ ላይ ሳይሆን በተመልካቹ ዐይን ላይ ነው።

፬. የአንድ ዓመት ሁለት መንገዶች

በ1492 የካስቲያና የአራጎን ነገሥታት አይሁድን ከግዛታቸው አባረሩ። ከተባረሩት ብዙዎቹ ወደ ዑስማናውያን ግዛት ደርሰው በሱልጣን ባየዚድ ሁለተኛ ዘመን በኢስታንቡል፣ በኤዲርኔ፣ በተሰሎንቄ ሰፈሩ። በዚያው ዓመት ኮሎምቦስ በእነዚሁ ነገሥታት ትእዛዝ ወደ ምዕራብ ቀዝፎ ለአውሮፓ አዲስ ወደሆነ ምድር ደረሰ። ከዚያ ምድር በኋላ ቲማቲምና በርበሬ መጡ።

እስቲ ይህን በጓዳ ዐይን እንመልከተው። አንድ ዓመት ምግብ አብሳዮችን ወደ ምሥራቅ አባረረ፤ ያው ዓመት ለቲማቲም የምዕራቡን በር ከፈተ። ሁለቱ በተሟላ ሁኔታ በአንድ ድስት የተገናኙት ከረዥም ጊዜ በኋላ፣ ቲማቲም በዑስማናውያን ማብሰያ ቤት በሰፊው በተለመደበት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ስለዚህ በቀይ መረቅ የሚሠራ የታጨቀ ደበርጃንን «ከጥንት ጀምሮ» የሚል ሁሉ ሊታረም ይገባዋል። ይህን ስል እኛም ከትችቱ ነጻ አይደለንም፤ በርበሬም የመጣው ከዚያው ከአሜሪካ ምድር ነው። ቀይ ወጣችን «ጥንታዊ» ነው ስንል ከ16ኛው ክፍለ ዘመን በፊት ምን ያቀላው እንደነበር ራሳችንን መጠየቅ አለብን።

ስደተኞቹ ይዘውት የሄዱት ቋንቋቸውንም ነው። ላዲኖ በሚባለው የስፔን አይሁድ ቋንቋ ደበርጃን የሚሠራባቸውን ሰባት ዘዴዎች የሚዘረዝር መዝሙር አለ፤ ዘዴዎቹን ከመንደሩ ሴቶች ጋር እያያያዘ ይዘልቃል። ለእኔ ይህ መዝሙር ከኢንኩዊዚሲዮን መዝገብ ጋር ጎን ለጎን መቀመጥ ያለበት ሰነድ ነው። በመዝገቡ ውስጥ የሴቲቱ ስም ከምግቡ ጋር የተጻፈው ለክስ ነው፤ በመዝሙሩ ውስጥ ግን ለሙገሳ ነው።

፭. አራት አሠራሮች በአንድ ጓዳ

አሁን ወደ ገዛኋቸው ሦስት ኪሎ ደበርጃኖች ልመለስ። ታሪክን በእጅ መሞከር ያስተምራል ብዬ ስለማምን አራቱን አሠራሮች በየተራ ሠራኋቸው። ባለቤቴ በመጀመሪያ ጓዳዋን መነጠቋ አላስደሰታትም፤ በኋላ ግን ያላስተዋልሁትን ያሳየችኝ እርስዋ ናት።

የመጀመሪያው ቱርኮች ካርኒያሪክ የሚሉት ነው፤ ትርጉሙ «ሆደ ስንጥቅ» ማለት ነው። ደበርጃኑ ልጣጩ በመስመር በመስመር እየተዘለለ ይላጣል፤ እንደ ሜዳ አህያ ዥጉርጉር ይሆናል። በጨው ውኃ ተነክሮ ይቆያል፤ ደርቆ ሙሉውን ይጠበሳል፤ ከዚያ ሆዱ በቁመቱ ተሰንጥቆ የተፈጨ ሥጋ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ይሞላና ጥቂት መረቅ ፈሶበት በምድጃ ይበስላል። በትኩሱ ከሩዝ ጋር ይበላል።

ሁለተኛው ኢማም ባይልዲ፣ «ኢማሙ ራሱን ሳተ» የሚባለው ነው። ሥጋ የለበትም፤ በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በቲማቲም ተሞልቶ በብዙ የወይራ ዘይት ቀስ ብሎ ይበስልና ቀዝቅዞ ይቀርባል። ስለ ስሙ የሚነገሩት ተረቶች ሁለት ናቸው። አንዱ ኢማሙ ጣዕሙ አስደንቆት ወደቀ ይላል። ሌላው ደግሞ የሚስቱ ጥሎሽ የነበረው ዘይት በዚህ ምግብ ምክንያት ማለቁን ሲሰማ ወደቀ ይላል። ተረት ተረት ነው፤ እንደ ታሪክ አልቆጥረውም። ሁለተኛው ቀልድ ግን እውነተኛ የኑሮ ጭንቀት ይዟል። የደበርጃን ሥጋ በአየር ኪሶች የተሞላ ስፖንጅ ነው፤ በመጥበሻ ላይ ሲወድቅ ዘይቱን ምጥጥ ያደርጋል። ጨው ውኃውን አውጥቶ ኪሶቹን ሲያጨፈግግ የሚመጠጠው ዘይት ይቀንሳል። እንግዲህ የመካከለኛው ዘመን አብሳዮች «ክፉውን ጥቁር ውኃ» ለማውጣት ያደርጉት የነበረው ነገር፣ ሐሳቡ ቢሳሳትም፣ ለቤት ወጪ የሚጠቅም ሥራ ነበር። ሳልነክር የጠበስሁት የመጀመሪያ ደበርጃን መጥበሻዬን አድርቆት «ይህማ እኛንም ያስወድቀናል» ያለችው ባለቤቴ ናት።

ሦስተኛው ከጋዚያንቴፕ አካባቢ የሚታወቀው የደረቅ ደበርጃን ዶልማ ነው። ዶልማ ማለት በቱርክኛ «የተሞላ» ማለት ነው። በበጋ ሆዳቸው የተፈለፈለ ደበርጃኖች በክር ተሰክተው በፀሐይ ይደርቃሉ፤ በክረምት በፈላ ውኃ ለስልሰው በሩዝ፣ በሥጋና በቅመም ይሞላሉ። ይህ አሠራር የቋንጣ ዘመድ ነው፤ የጥጋብን ወር ለችግር ወር ያስተላልፋል። እኔ ያደረቅሁት በአንድ ሳምንት ሻገተብኝ፤ ሙያው ያለው በተክሉ ላይ ብቻ ሳይሆን በአየሩም ላይ መሆኑን ተማርሁ።

አራተኛው የስፔን አይሁድ ሜዲያስ፣ «ግማሾች» የሚሉት ነው። ደበርጃኑ ለሁለት ይከፈላል፤ ውስጡ ወጥቶ በሥጋ ይሞላል፤ የተሞላው ፊቱ በዱቄትና በእንቁላል ተነክሮ ይጠበሳል፤ ከዚያ በቲማቲም መረቅ ውስጥ ይበስላል። እንቁላሉ ሙሌቱን እንደ ክዳን ይይዘዋል። ስለዚህ ምግብ በኋላ የምለው አለኝ።

እነዚህ አሠራሮች በጽሑፍ የተያዙት ዘግይተው ነው። ሺርቫኒ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የአል-ባግዳዲን መጽሐፍ ወደ ቱርክኛ መልሶ የራሱን አሠራሮች ጨመረበት። የመጀመሪያው የታተመ የቱርክኛ የምግብ መጽሐፍ ግን የወጣው በ1844 ነው፤ ያዘጋጀውም የሕክምና ትምህርት ቤት መምህሩ መሕመድ ካሚል ነበር። በመካከሉ ላሉት ዘመናት የተራው ቤት ጓዳ ከሌሎች ምልክቶች ይነበባል። ኢስታንቡል የእንጨት ቤቶች ከተማ በነበረችበት ዘመን በበጋ የሚነሡት ቃጠሎዎች «የደበርጃን እሳት» ይባሉ ነበር፤ በየቤቱ በከሰል ላይ ደበርጃን ይጠበስ ነበርና። የእሳት አደጋ ስም የአንድን ከተማ የእራት ልማድ መዝግቦ አቆየልን።

፮. የማን ነው?

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ሁላችሁም የምትጠብቁት ነው፦ ታዲያ የታጨቀ ደበርጃን የማን ነው?

በ1923 በሎዛን ስምምነት መሠረት ግሪክና ቱርክ ሕዝብ ተለዋወጡ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ከአናቶሊያ ወደ ግሪክ፣ ከሦስት መቶ ሺህ በላይ ሙስሊሞች ከግሪክ ወደ ቱርክ ሄዱ። መለያው ሃይማኖት ነበር፤ ገበታቸው ግን ያው ነበር። በዚያው ዘመን ታዋቂው የግሪክ ምግብ ጸሐፊ ኒኮላዎስ ጼሌሜንቴስ የአገሩን ምግብ ከቱርክ ተጽዕኖ «ለማጥራት» ተነሣ፤ መሣሪያው ቤሻሜል የሚባለው የፈረንሳይ ነጭ መረቅ ነበር። ዛሬ በግሪክ ፓፑጻኪያ፣ «ትንንሽ ጫማዎች» የሚባለው የታጨቀ ደበርጃን ይህን ነጭ መረቅ ደርቦ ይቀርባል። ከላይ ፓሪስ፣ ከሥር አናቶሊያ ነው። ምግቡ ጣፋጭ ነው፤ የማጥራቱ ሐሳብ ግን የእምቧይ ካብ ነው።

በ2017 ዩኔስኮ የዶልማ አሠራርን በአዘርባጃን ስም በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አሰፈረ። አርመኖች በበኩላቸው ቶልማ የእኛ ነው ይላሉ። ጆርጂያውያን ዎልነት በሚባለው የዛፍ ፍሬ ሙሌት የሚጠቀልሉት ደበርጃን አላቸው፤ የሕንድ ቤቶች ትንንሾቹን ደበርጃኖች በቅመም ይሞላሉ፤ ሲሲሊያውያን ነጭ ሽንኩርትና ናና ይሰኩባቸዋል። ባለቤት ፍለጋው መልስ የማያገኘው መረጃ ስላነሰ ሳይሆን ጥያቄው ስለተሳሳተ ይመስለኛል። አትክልትን ሰንጥቆ መሙላት ጥቂትን ነገር ለብዙ አፍ ለማብቃት የተገኘ ጥበብ ነው፤ ብዙ እጆች ደጋግመው ሊያገኙት ይችላሉ። ስለዚህ «ማን ፈጠረው?» ከማለት «ማን ከማን ተማረ? በምን ሁኔታ?» ብንል እንጠቀማለን።

ይህን ስል የባለቤትነት ጥያቄ ዋጋ ቢስ ነው ማለቴ አይደለም። የጤፍ ዱቄት አሠራር በአውሮፓ የአንድ ድርጅት ፈጠራ ተብሎ መመዝገቡንና በ2018 በሄግ የሚገኘው ፍርድ ቤት ምዝገባውን ዋጋ እንደሌለው መወሰኑን ታውቃላችሁ። እናቶቻችን ለዘመናት የሠሩት ነገር በሌላ አገር ችሎት የሚያከራክር ሆነ። ያልተጻፈ ሙያ ለመንጠቅ ይመቻል።

፯. ያልጠየቅሁት ጥያቄ

በመጨረሻ ከራሴ ሕይወት አንድ ነገር ልንገራችሁ።

በወጣትነቴ ለትምህርት ተሰሎንቄ ኖሬያለሁ። የተከራየሁት ክፍል የአንዲት አረጋዊት እናት ነበር። ወላጆቻቸው በ1923 ከአናቶሊያ የመጡ ስደተኞች ነበሩ። እኔ «እማማ» እላቸው ነበር፤ የአማርኛው ቃል ትርጉሙ ሳይነገራቸው ገብቷቸው ነበር። በጾም ወራት እኔም እርሳቸውም ጿሚዎች ስለነበርን በዘይት የተሠራ ደበርጃን አብረን እንበላ ነበር፤ ያገራቸው ጾም በአንዳንድ ቀናት ዘይትንም እንደሚከለክል፣ የእኛ ግን ዘይት እንደሚፈቅድ ስነግራቸው «እናንተ ታድላችኋል» ይሉ ነበር።

አንድ የፍስክ ቀን ከለመድሁት የተለየ ደበርጃን አቀረቡልኝ። ግማሽ ግማሹን ተከፍሎ፣ በሥጋ ተሞልቶ፣ በእንቁላል ተነክሮ የተጠበሰ ነበር። «ይህ የእኛ አይደለም» አሉኝ። «ከላይ ፎቅ የነበሩት ጎረቤታችን እናቴን ያስተማሯት ነው። በ1943 ወሰዷቸው። እኔ ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርሁ።»

በዚያ ዓመት ከመጋቢት እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት ከተሰሎንቄ ከአርባ ሺህ የሚበልጡ አይሁድ በባቡር ተጭነው ተወሰዱ፤ አብዛኞቹ በአውሽቪትዝ ተገደሉ። ከ1492 ጀምሮ ከአራት መቶ ዓመት በላይ የስፔንን ቋንቋና ምግብ የጠበቀ ማኅበረሰብ በጥቂት ወራት ውስጥ ጠፋ። ከዚያ ጓዳ የተረፈው አንድ አሠራር በሌላ ስደተኛ ቤተሰብ እጅ፣ በሌላ ሃይማኖት ማእድ፣ ከሩቅ አገር በመጣ ተማሪ ፊት ቀረበ።

እኔ ያን ቀን በኪሴ ማስታወሻ ደብተር ነበረኝ። ጠዋት በቤተ መዛግብት ውስጥ ስለ ወደብ ቀረጥ ስገለብጥ ውዬ ነበር። ምግቡን በላሁ፤ አመሰገንሁ፤ አንዲት ቃል አልጻፍሁም። ጎረቤታቸው ማን ይባሉ እንደነበር አልጠየቅሁም። ከሥጋው ጋር የተቀላቀለው አይብ ይሁን እርጥብ ዳቦ አላውቅም። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ሥጋና ወተት የማይቀላቅል የአይሁድ ቤት አሠራር ተጠብቆ እንደሆነ፣ ወይስ በክርስቲያን ቤት ተለውጦ እንደሆነ የሚነግረኝ ያ ነበር። ከዓመታት በኋላ ልጠይቅ ስልክ ብደውል እማማ ዐርፈው ነበር። ባለፈው ሳምንት ሁለቱንም ዓይነት ሠርቼ ቀመስሁ፤ ምላሴ አልፈረደልኝም።

ኢንኩዊዚሲዮን ስለ ድስቱ ጠይቆ የጻፈው ሊያጠፋ ነው። እኔ ወዳጅ ሆኜ ሳለሁ አልጠየቅሁም፤ አልጻፍሁምም። በዚህ አንድ ነገር አሳዳጁ ከወዳጁ በልጦ መገኘቱ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

መደምደሚያ

የአትክልት ተራዋ ልጅ «እንደ ስንግ ቃሪያ በሉኛ!» ማለቷን አስታውሱ። ልክ ነበረች። ቃሪያውን ሰንጥቆ ፍሬውን ማውጣት፣ በሽንኩርትና በቲማቲም መሙላት ከኢማም ባይልዲ ጋር በሐሳብ አንድ ነው፤ የጾም ማእድ ላይ መቅረቡም ያመሳስላቸዋል። ባለቤቴ የቀሩትን ደበርጃኖች በስንግ ቃሪያ ሙሌት ሞልታ አቀረበችልኝ፤ ከአምስቱ ይህን አበለጥሁ። ለማን አገር ልመድበው? ለጊዜው የቤታችን ነው።

እንግዲህ ውድ ተማሪዎች፣ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ አንድ የቤት ሥራ አለባችሁ። በበዓል ወደየቤታችሁ ስትሄዱ እናታችሁን፣ አያታችሁን ወይም አክስታችሁን አንድ ምግብ ስታበስል አጠገቧ ቁሙ። «በዐይኔ እለካለሁ» ስትል እጇ ላይ ያለውን በሚዛን ለኩ። ከማን እንደተማረች ጠይቁ፤ ያስተማረቻትን ሴት ስም ጻፉ፤ ሳይኖራት ሲቀር በምን እንደምትተካው ጻፉ። ቀንና ቦታ መመዝገብ አትርሱ። ይህ ሰነድ የሚጻፈው በፍቅር እንጂ በክስ አይደለምና ለሚቀጥለው ዘመን ተመራማሪ ንጹሕ ምንጭ ይሆናል።